እራት በዕቅድ፣ መንገድ በብርሃን፦ ከጉደር ወይን እስከ ካማሺ ጠጅ

ውድ አንባቢያችን፣ እስቲ አንድ ምሽት በዓይነ ኅሊናዎ ይመልከቱ። ቦታው ካማሺ ነው። ከዘመድ ቤት ተጋብዘው እራት በልታችኋል። ከምሽቱ 3 ሰዓት ሆኗል። ልጆችዎ ጥግ ይዘው አንቀላፍተዋል። ባለቤትዎ ሦስተኛውን ብርሌ ጨርሶ «በቃኝ» ቢልም፣ የቤቱ እመቤት ማንቆርቆሪያውን አንስታ «በሞቴ! አፈር ስሆን! ይህችን ብቻ» እያለች ትማጠነዋለች። የመኪናው ቁልፍ ከፊቱ ተቀምጧል። ልብሳችሁና አልጋችሁ ያለው ግን ከዚያ ራቅ ብሎ፣ በጨለማ ውስጥ በሚያልፍ ጠመዝማዛ መንገድ ማዶ ነው። ጥቂት ቆይቶ ባለቤትዎ ቁልፉን አንስቶ «እንግዲህ እንሂድ» ማለቱ እንደማይቀር ያውቃሉ። እርስዎስ በዚያች ደቂቃ ምን ይላሉ?

ቢናገሩ ባልን በሰው ፊት ማዋረድ ይመስላል። ዝም ቢሉ ደግሞ ልጆችዎን ይዘው መኪናው ውስጥ መግባትዎ ነው። ብዙ እናቶች በዚህ አጣብቂኝ ውስጥ ገብተው ዝምታን መርጠዋል። በአገራችን በየዓመቱ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በመኪና አደጋ እንደሚሞቱ የታወቀ ነው። ስለዚህ የዝምታው ዋጋ ምን ያህል ሊሆን እንደሚችል ማስረዳት አያስፈልግም።

የጥያቄው መልስ ያለው በዚያች ሰዓት አይደለም። ከቤት ሳይነሱ፣ እራቱ የት እንደሚበላ፣ የት እንደሚታደርና ማን እንደሚነዳ በተወሰነ ጊዜ ነው። የዛሬው ጽሑፋችንም ይህን ዕቅድ እንዴት ማውጣት እንደሚቻል ያስረዳል። ለምሳሌ የወሰድነውም ከአዲስ አበባ ተነስቶ በአምቦ፣ በጉደርና በነቀምት አድርጎ ወደ ካማሺ የሚዘልቀውን ጉዞ ነው።

የወይን ስምና የማር አገር

በአገራችን ወይን ሲነሳ ብዙ ሰው የሚያስታውሰው የዝዋይን እርሻ ነው። በዚያ የሚገኘው የካስቴል ወይን ጠጅ ፋብሪካ የመጀመሪያ ጠርሙሶቹን ለገበያ ያቀረበው በ2006 ዓ.ም. ነበር። ይሁንና ከዚያ አስቀድሞ ለብዙ ዓመታት በበዓላትና በሠርግ ጠረጴዛዎች ላይ የኖረው ቀይ ወይን ጠጅ ጉደር ነው። ስሙም በምዕራብ ሸዋ ከምትገኘው ከጉደር ከተማ የመጣ ነው። ወደ ምዕራብ የሚሄድ መንገደኛም ከአምቦ 12 ኪሎ ሜትር ያህል እንደተጓዘ በዚህች ከተማና በወንዟ በኩል ያልፋል።

የመንገዱ ሌላ ጫፍ ደግሞ የማር አገር ነው። ካማሺ ከቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ሦስት ዞኖች አንዱ ሲሆን ሌሎቹ አሶሳና መተከል ናቸው። የጉሙዝ ሕዝብ በዛፍ ላይ ቀፎ እየሰቀለ ከጥንት ጀምሮ ማር ሲያመርት የኖረ ነው። ማርና ጌሾ ባለበት አገር ደግሞ ጠጅ አይጠፋም። ስለዚህ መንገደኛው ጉዞውን የሚጀምረው ወይን ጠጅ ከወጣበት ስም ነው፤ የሚጨርሰውም ማር ከሚቆረጥበት ደን አጠገብ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው የበርካታ ሰዓታት መንገድ ግን ዳገትና ቁልቁለት፣ ድልድይና መታጠፊያ የበዛበት፣ ሰውና ከብት የሚመላለስበት ነው።

ከመነሳት በፊት የሚደረግ ጥያቄ

ወደዚህ አካባቢ ለመሄድ ያሰበ ቤተሰብ ከሁሉ አስቀድሞ ስለ መንገዱ ጸጥታ ማጣራት ይገባዋል። ከ2011 ዓ.ም. መጀመሪያ ጀምሮ በካማሺ ዞንና በአጎራባች የወለጋ አካባቢዎች በደረሰው ግጭት ብዙ ሕዝብ ከቀዬው ተፈናቅሏል፤ መንገዶችም በየጊዜው ተዘግተዋል። የአንድ ሰሞን ሁኔታ ለሌላው ሰሞን ዋስትና አይሆንም። በመሆኑም በሚሄዱበት ከተማ የሚኖር ዘመድ፣ በየዕለቱ በመስመሩ ላይ የሚሠሩ የአውቶቡስ ሾፌሮችና የአካባቢው ፖሊስ ስለዚያው ሳምንት ይጠየቁ። «መንገዱ ሰላም ነው ወይ?» ብለው ብቻ አያብቁ። «ከስንት ሰዓት በኋላ መኪና አይንቀሳቀስም?» ብለው ይጨምሩ። የሰዓት ገደብ ባለበት ቦታ እራትዎም የሚታቀደው በዚያው ገደብ መሠረት ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ ስለ ዝናቡ ነው። በምዕራቡ የአገራችን ክፍል ዝናቡ ከግንቦት እስከ ጥቅምት የሚዘልቅበት ጊዜ ብዙ ነው። በበጋ በሦስት ሰዓት የሚያልቅ ጥርጊያ መንገድ በክረምት እጥፍ ጊዜ ሊፈጅ ይችላል። ስለዚህ «ለእራት እንደርሳለን» ብሎ ለዘመድ ቃል ከመስጠት በፊት የወሩን ጠባይ ማሰብ ተገቢ ነው።

ሦስተኛው የፀሐይዋ ነገር ነው። በአገራችን ከፀሐይ መጥለቅ እስከ ድፍን ጨለማ ያለው ጊዜ አጭር ነው፤ ከግማሽ ሰዓት እምብዛም አይበልጥም። «ገና ብርሃን ነው» ብሎ የመጨረሻዎቹን 40 ኪሎ ሜትሮች የጀመረ ሰው መንገዱን የሚጨርሰው በጨለማ ነው። ስለዚህ ቢዘገይ ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ መኪናዎ ማደሪያው ደጃፍ ቆሞ እንዲገኝ አድርገው ያስሉ።

የእራቱ ዕቅድ

የጉዞ እራትን ለማቀድ አንድ ደንብ ይበቃል፦ እራት የሚበላው በሚታደርበት ቦታ ነው። በዚያ ቦታ ካልሆነም በእግር ሊመለሱበት በሚችሉበት ርቀት ላይ ይሁን። ከእራት በኋላ መኪና የሚነሳበት ዕቅድ ምንም ቢጣፍጥ ዕቅድ አይባልም። ይህን ደንብ ይዘን መንገዱን በየቀኑ እንመልከተው።

የመጀመሪያው ቀን። ከአዲስ አበባ እስከ ነቀምት 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ማለዳ 12 ሰዓት የተነሳ ቤተሰብ ምሳውን አምቦ ወይም ጉደር በልቶ፣ ትንሽ አርፎ፣ በጌዶና በባኮ አድርጎ ከምሽት በፊት ነቀምት ለመግባት ይችላል። ምሳው ቀለል ያለ ይሁን። ብዙ ቅባትና ሥጋ የበላ አሽከርካሪ ከቀኑ 8 እስከ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ ዓይኑ ይከብደዋል፤ ይህ ሰዓት በተፈጥሮም የሰውነት ንቃት የሚቀንስበት ነው። በምሳ ላይ የሚጠጣው የአምቦ ውሃ ነው፤ አገሩም ነውና። የጉደር ወይን ጠጅ በጉደር ከተማ ለመቅመስ የጓጓ ሰው ካለም ጠርሙሱን ሳይከፍት ከሻንጣ ጋር ያስቀምጥ። ነቀምት ገብቶ፣ መኪናው በግቢ ቆሞ፣ ቁልፉ ከቦርሳ ከገባ በኋላ ከእራቱ ጋር ቢከፈት ጣዕሙ አይቀንስም። ፈረንሣይን በመሰሉ የወይን አገሮች ሙያተኛ ቀማሾች ወይኑን አፋቸው ውስጥ አንሸራሽረው ይተፉታል እንጂ አይውጡትም። ሥራቸው መቅመስ እንጂ መጠጣት ስላልሆነ፣ በአንድ ቀን ብዙ ዓይነት ቀምሰው ራሳቸውን ሳይስቱ ይውላሉ።

ለእራቱ አስቀድሞ መደወል ጠቃሚ ነው። ማደሪያውን በስልክ ሲይዙ «ምግብ እስከ ስንት ሰዓት አለ? መኪና በግቢ ይቆማል ወይ?» ብለው ይጠይቁ። በረቡዕና በዓርብ ወይም በጾም ወራት ከሄዱ የጾም ምግብ መኖሩን ይጠይቁ። ማደሪያው ምግብ ከሌለው በእግር የሚደረስበት ምግብ ቤት ይጠቁሙዎታል። ይህ ሳይጠየቅ ሲቀር ነው አባወራው በ2 ሰዓት ምሽት በማያውቀው ከተማ ምግብ ፍለጋ መኪና አስነስቶ የሚዞረው።

ሁለተኛው ቀን። ከነቀምት እስከ ጊምቢ 110 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በመካከሉ መንገዱ ወደ ዴዴሳ ሸለቆ ወርዶ፣ ወንዙን በድልድይ ተሻግሮ መልሶ ይወጣል። ሙቀቱ ስለሚበረታ ለልጆች በቂ ውሃ ይያዝ፤ ፍሬንም በቁልቁለቱ እንዳይግል በማርሽ መውረድ ይበጃል። ጊምቢ ላይ ሰዓትዎን ይመልከቱ። ወደ ካማሺ ለመግባት የቀረው መንገድ በብርሃን የማያልቅ ከሆነ እራትዎም አልጋዎም ጊምቢ ይሁን። ካማሺ የሚጠብቅዎት ዘመድ ቅር እንዳይለው በስልክ ንገሩት። «ነገ ለምሳ እንደርሳለን» የተባለ ሰው ድግሱን ያሸጋግራል። ምንም ሳይሰማ እስከ እኩለ ሌሊት በር ላይ ቆሞ የሚጠብቅ ዘመድ ግን ሌሊቱን በጭንቀት ያድራል። ነዳጅም በትልቁ ከተማ መሞላት አለበት፤ ከዚያ ወዲያ በእርግጠኝነት አገኛለሁ ማለት አይገባም።

ለመንገድ ስንቅ ዳቦ ቆሎ፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ ሙዝና ንጹሕ ውሃ ይበቃል። ስንቅ የሌለው መንገደኛ ይርበዋል፤ የራበው ሾፌርም ይቸኩላል። እንዲሁም ባዶ ሆድ ላይ የሚጠጣ የመጀመሪያ ብርሌ ፈጥኖ ራስ ላይ እንደሚወጣ አይዘንጉ።

ሦስተኛው ቀንና ከዚያ በኋላ። አሁን ካማሺ ደርሰዋል፤ ግብዣው ይጀምራል። በዚህ አገር ጠረጴዛ ላይ ከማሽላ ወይም ከዳጉሳ ዱቄት የተሠራ ገንፎ በባሚያ ወጥ ሲቀርብ ያገኛሉ። በክረምት ለጋ የቀርከሃ ቡቃያ ተቀቅሎ ይበላል። ማንጎ በወቅቱ ሞልቶ ነው፤ ሰሊጥና ለውዝም አይጠፋም። ለልጆችዎ አዲስ የሚሆንባቸውን ምግብ አስቀድመው ቢነግሯቸው «አልፈልግም» ብለው አስተናጋጇን አያሳፍሩም።

ግብዣን በሚመለከት ሁለት ነገር ይለምኑ። አንደኛ፣ እራቱ ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ይሁንልን ይበሉ። ልጆች ስላሉ ማንም አይቀየምም። ሁለተኛ፣ ቤቱ ሩቅ ከሆነ «እናድራለን» ብለው አስቀድመው ይናገሩ። ከጋቢና ከአንሶላ ጋር የሄደ እንግዳ ለባለቤቲቱ ሸክም አይሆንም። አካባቢው ቆላ ነውና የወባ ትንኝ አለ፤ አጎበርዎን ከአንሶላው ጋር ይያዙ። ምሽቱን ደጅ ለሚቀመጡም እጅጌው ረዥም ልብስ ይበጃል። ለወባም ሆነ ለሌላ ሕመም መድኃኒት በመውሰድ ላይ ያለ ሰው ጨርሶ አይጠጣ።

መጠጥ በሰውነት ውስጥ

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። «ሰውየው ለመደ፣ አያሰክረውም» የሚለው አባባል በብዙ ቤት ይሰማል። ልማድ የሚያደርገው ስካሩ እንዳይታወቅ ነው። በደሙ ውስጥ ያለውን አልኮል ግን አይቀንሰውም።

ጉበት አልኮልን የሚያቃጥልበት ፍጥነት የተወሰነ ነው፤ በአንድ ሰዓት ከ7 እስከ 10 ግራም ያህል ነው። አሁን ሂሳቡን አብረን እንሥራ። ወይን ጠጅ ከመቶ 12 እጅ አልኮል ቢሆን፣ 750 ሚሊ ሊትር የሚይዘው አንድ ጠርሙስ 70 ግራም ያህል ንጹሕ አልኮል አለው። ግማሽ ጠርሙስ የጠጣ ሰው ከሰውነቱ ለማውጣት አራት ወይም አምስት ሰዓት ያስፈልገዋል። ወደ ጠጁ እንምጣ። የጠጅ ኃይል ከቤት ቤት ይለያያል። ከመቶ 10 እጅ አልኮል ያለው ጠጅ ነው ብንልና ብርሌው ሩብ ሊትር ቢይዝ፣ በአንዱ ብርሌ ውስጥ 20 ግራም ያህል አለ። ሦስት ብርሌ 60 ግራም ይሆናል፤ ይህንን ለማጽዳት ከስድስት እስከ ስምንት ሰዓት ይፈጃል። በምሽቱ 1 ሰዓት መጠጣት የጀመረው ባለቤትዎ ሙሉ በሙሉ የሚጸዳው እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ ነው። አረቄ ከሆነ ደግሞ ከመቶ 30 እጅ በላይ አልኮል ስላለው ትንሿ መለኪያ ራሷ እንደ አንድ ብርጭቆ ወይን ትቆጠራለች።

ቡና፣ ቀዝቃዛ ውሃ ፊት ላይ መርጨት፣ የመኪና መስኮት መክፈት፣ ሎሚ መምጠጥ፣ እነዚህ ሁሉ ጉበትን አያፋጥኑም። ቡና ሰካራሙን ነቃ ያደርገው ይሆናል፤ ነቃ ያለ ሰካራምም ሰካራም ነው። የሚያድነው ጊዜ ብቻ ነው። ምግብ ቀድሞ መብላት አልኮሉ ወደ ደም የሚገባበትን ፍጥነት ያዘገየዋል፤ መጠኑን ግን አያጠፋውም።

እርስዎም ቢጠጡ አንድ ነገር ይወቁ። የሴት ሰውነት ከወንድ ያነሰ ውሃ ስላለው በእኩል መጠን የጠጡ ባልና ሚስት በደማቸው ውስጥ እኩል አልኮል አይኖራቸውም፤ የሚስቲቱ ይበልጣል። ነፍሰ ጡር ለሆነች ሴት ጉዳት የሌለው መጠን አልተገኘም፤ ጠጁም ሆነ ወይኑ ይቅርባት። የምታጠባ እናትም የጠጣችው ከወተቷ ጋር ወደ ልጇ ስለሚተላለፍ መተዉ ይሻላታል። ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላ ወጣት የአልኮል መጠጥ መሸጥ በ2011 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 የተከለከለ ነው። በድግስ ቤትም ለወጣቶች አለመቅዳት ከወላጆች የሚጠበቅ ነው።

ድካምም የስካር ወንድም ነው። ለ17 ሰዓት ሳይተኛ የቆየ ሰው የሚነዳው መጠነኛ አልኮል እንደጠጣ ሰው መሆኑን ጥናቶች አሳይተዋል። ከማለዳው 11 ሰዓት የነቃ አባወራ ይህ ሰዓት የሚሞላው ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ነው። ስለዚህ ያልጠጣ ሾፌር እንኳ ቀኑን ሙሉ ነድቶ ከእራት በኋላ እንደገና መንዳት አይገባውም።

ቁልፉ በማን እጅ ይሁን?

ባለቤትዎን ስለዚህ ጉዳይ የሚያነጋግሩት ከቤት ሳትወጡ፣ ሻንጣ በምታዘጋጁበት ምሽት ነው። ያን ጊዜ ንግግሩ ስለ ጉዞ ዝግጅት እንጂ ስለ ጥፋት አይሆንም። «የሚነዳ አይጠጣም፤ የሚጠጣ አይነዳም። ማን ምን እንደሚሆን ዛሬ እንወስን» ቢሉት የሚቃወም ምክንያት አያገኝም። መንጃ ፈቃድ ያላችሁ ሁለታችሁም ከሆናችሁ በየቀኑ ልትፈራረቁ ትችላላችሁ። ዛሬ ብዙ ሴቶች መኪና ስለሚነዱ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ተራው የእርስዎ በሆነ ዕለት ግን «አንዷን ብቻ» የሚል ልመና ለእርስዎም ይመጣል፤ ውሳኔው በእርስዎም ላይ ይጸናል።

በጉዞው ከእናንተ ጋር መጠጥ የማይጠጣ ሰው ካለ በሃይማኖቱ ምክንያትም ይሁን በጠባዩ፣ ማሽከርከር ለእሱ ቢሰጥ ይመረጣል። ነገር ግን ሳይጠየቅ «አንተ ሁልጊዜ ንዳ» ማለት ያሰለቻል። በቀኑ ክፍለ ጊዜ ሌላው ይተካው።

ስምምነቱ በድግሱ መሃል ቢዘነጋስ? ያን ጊዜ በሰው ፊት አይከራከሩ። የቤቱን ሽማግሌ ወይም እመቤቲቱን ለብቻ ጠርተው ይንገሯቸው። «አባባ፣ ልጆቹ ተኝተዋል፤ ዛሬ እዚሁ እንድናድር እርስዎ ይበሉልኝ» ቢሏቸው አዛውንቱ «ሌሊት ከቤቴ እንግዳ አይወጣም!» ብለው ይቆጣሉ። የእንግዳ ተቀባዩ ቁጣ ባልዎን አያሳፍረውም፤ ያከብረዋል እንጂ። ቁልፉንም እመቤቲቱ «ለነገ ይቆየኝ» ብላ ከሣጥኗ ውስጥ ብታስቀምጠው ነገሩ በሳቅ ያልቃል።

ይህም ሁሉ ሳይሆን ቀርቶ ጠጥቶ ለመንዳት ከተነሳ፣ ልጆቹን ይዘው መኪናው ውስጥ አይግቡ። ይህ ትዳርን መድፈር አይደለም። ቤት ውስጥ የሚቀር ቅሬታ በማግሥቱ በአንድ ሲኒ ቡና ይረሳል። መንገድ ላይ የሚደርሰው ግን አይመለስም። ከባልዎ ጋርም ብቻ አይደለም፤ በኮንትራት መኪና ወይም በሚኒባስ ሲሄዱ ሾፌሩ እራት ላይ ሲጠጣ ካዩ ለሌሎቹ መንገደኞች ይንገሩ፣ አብራችሁም «አንሄድም» በሉ። ጠጥቶ ማሽከርከር በሕግ የተከለከለ ነው፤ ለትራፊክ ፖሊስ ማሳወቅም ነገር ማዋሰድ አይደለም። በየከተማው በሌሊት የሚሯሯጡት ባጃጆችና ሞተር ሳይክሎችም ከዚህ ደንብ አይወጡም። ሕፃን ታቅፎ ከግብዣ በሞተር ሳይክል መመለስ ከሁሉ የከፋ ነው።

በጨለማ መሄድ ግድ ቢሆን

ምጥ የያዛት ሴት ወይም የታመመ ሕፃን ሲኖር በሌሊት መሄድ ግድ ይሆናል። ያን ጊዜ የሚነዳው በፍጹም ያልጠጣ ሰው መሆን አለበት። ከዚህ የሚከተለውንም ማስተዋል ይገባል።

በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሴኮንድ 17 ሜትር ያህል ይጓዛል። በ80 ሲሆን ደግሞ 22 ሜትር ነው። ዝቅ የተደረገ የፊት መብራት በደንብ የሚያሳየው ጥቂት አሥር ሜትሮችን ብቻ ነው። አሽከርካሪው አደጋውን አይቶ እግሩን ፍሬን ላይ እስኪያደርስ አንድ ሴኮንድ ወይም ከዚያ በላይ ይፈጅበታል። ስለዚህ የሌሊት ፍጥነት ልኩ፣ መብራቱ በሚያሳየው ርቀት ውስጥ ለመቆም የሚያስችለው ፍጥነት ነው። መስተዋቱና መብራቶቹ ከመነሳት በፊት በጨርቅ ይጠረጉ፤ የቀን አቧራ የመብራቱን ኃይል ይቀንሳል።

በአገራችን መንገድ የተበላሸ የጭነት መኪና ከኋላው ድንጋይና ቅጠል ብቻ ተደርጎለት በጨለማ ቆሞ ይገኛል። መኪናው ተነስቶ ድንጋዩ የሚቀርበትም ጊዜ አለ። ከብት በመንገዱ ላይ ይተኛል። ጥቁር ልብስ የለበሰ እግረኛ እስኪደርሱበት አይታይም። እርስዎም በእግር ከእራት ሲመለሱ ነጭ ነጠላ ወይም ጋቢ ከላይ ቢያደርጉና የእጅ ባትሪ ቢይዙ፣ የመንገዱን ዳር ይዘው መኪና ወደሚመጣበት ፊትዎን አዙረው ቢሄዱ ይጠቅማል።

የደህንነት ቀበቶ በሌሊትም በቀንም ይታሰር። ሕፃንን በፊት ወንበር ታቅፎ መቀመጥ ልጅን መጠበቅ አይደለም፤ በግጭት ጊዜ የእናት ክንድ ልጇን ሊይዝ አይችልም። ልጆች ከኋላ ይቀመጡ። አሽከርካሪው ስልክ ሲደወልለት አጠገቡ ያለው ያንሳለት። የት እንዳላችሁና በስንት ሰዓት እንደምትደርሱ በመነሻም በመድረሻም የሚያውቅ አንድ ሰው ይኑር፤ የስልክ አገልግሎት የሚቋረጥባቸው ቦታዎች አሉና።

ለአስተናጋጇ እህታችን

ይህ ጽሑፍ ለተጋባዥ ብቻ የተጻፈ አይደለም። በካማሺም ሆነ በአሶሳ፣ በነቀምትም ሆነ በአዲስ አበባ እንግዳ የምትቀበዪ እህታችን ሆይ፣ ያንቺም ድርሻ ትልቅ ነው። እንግዳን ማጥገብ የቆየ ባህላችን ነው፤ ይከበራልም። ነገር ግን «በሞቴ» ተብሎ የተቀዳ ብርሌ የእንግዳው ሞት እንዳይሆን ማሰብ ያስፈልጋል።

እንግዳው ሲገባ «ማን ነው የሚነዳው?» ብለሽ ጠይቂ። ለሚነዳው ሰው ክብሩን የሚመጥን መጠጥ አዘጋጂለት። ማር በሞላበት አገር ብርዝ ማቅረብ ምን ያህል ይከብዳል? ግን ብርዙ የዕለቱ ይሁን፤ ከዋለ ካደረ ይፈላና ጠጅ ወደ መሆን ይሄዳል። የማንጎ ጭማቂ፣ የአምቦ ውሃ፣ ሻይ፣ ሁሉም መልካም ነው። ቀሪቦም ቢሆን ብዙ የቆየ ከሆነ መጠንቀቅ ነው። ለሾፌሩ ውሃ በፕላስቲክ ኩባያ፣ ለሌላው ጠጅ በብርሌ ከቀረበ ግን ሾፌሩ ቅጣት የተቀበለ ይመስለዋል። ብርዙንም በብርሌ ቅጂለት።

ምግቡን አስቀድመሽ አቅርቢ፤ መጠጡ ይከተል። ሰዓቱ ሲመሽ ማንቆርቆሪያውን አንስተሽ ጀበናውን አቅርቢ። ቡናው ስካር እንደማያበርድ አውቀሽ፣ የምሽቱ መዝጊያ አድርገሽው እንጂ መድኃኒት አድርገሽው አይሁን። ከሁሉ በላይ የመኝታ ቦታ አዘጋጂ። አልጋ ባይኖር ምንጣፍና ጋቢ ይበቃል። ከድግስሽ ሁሉ እንግዳው ለዘለዓለም የሚያስታውሰው «እዚሁ እደሩ» ያልሽውን ቃል ሊሆን ይችላል።

ውድ አንባቢያችን፣ አሁን በመግቢያችን ላይ ወደተውነው ምሽት እንመለስ። ከምሽቱ 3 ሰዓት ነው። ልጆችዎ ተኝተዋል። ቁልፉ ግን ከባለቤትዎ ፊት የለም፤ ገና ስትገቡ ለእመቤቲቱ ሰጥታችኋታል። አንሶላችሁና አጎበራችሁ ከጓዳ ተዘርግቷል። ባለቤትዎ አራተኛውን ብርሌ ቢቀበልም ባይቀበልም የሚሄድበት መንገድ ከመሶቡ እስከ መኝታው ድረስ ብቻ ነው። ነገ ቁርስ በልታችሁ፣ መንገዱን ጠይቃችሁ፣ ፀሐይ ከወጣች በኋላ ትነሳላችሁ። ማሩንም ለጎረቤት የሚሆን አንድ ጣሳ ይዛችሁ፣ ሁላችሁም ወደ ቤታችሁ ትመለሳላችሁ።